ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ ወደ ጥቁር አሜሪካውያን የተማሪ ማኅበራት ከመግባት በፊት

ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓይነት ቀለም የለበሱ ወጣቶች መሬቱን በአንድ ምት እየረገጡ ሲጨፍሩ ያየ አዲስ ተማሪ ልቡ መነሣቱ አይቀርም። ከተማሪዎቹ መካከል በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆችም አሉ። እናትና አባት ግን በግሪክ ፊደል የሚጠራ፣ መሐላና ምሥጢር ያለው ማኅበር ሲባል ይደነግጣሉ። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይላሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጁም ቀለሙንና ጭፈራውን ወዶ ከመመዝገቡ በፊት ራሱን ሊጠይቀው ይገባል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው በኒውዮርክ ግዛት፣ ኢታካ ከተማ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1904/05 የትምህርት ዘመን እዚያ ይማሩ ከነበሩት ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች መካከል ስድስቱ በቀጣዩ ዓመት አልተመለሱም። የቀሩት ደነገጡ። አብረው የሚያጠኑበትና የሚደጋገፉበት ቡድን አቋቋሙ። የነጮቹ ማኅበራት አይቀበሏቸውም፤ ከመካከላቸው በነጮች ማኅበር ቤት በአስተናጋጅነት እየሠራ የሚማር ነበር። የሥነ ጽሑፍ ክበብ እንሁን ወይስ እንደነሱ ፍራተርኒቲ በሚል ተከራከሩ። በመጨረሻም ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 4 ቀን 1906 ሰባት ወጣቶች አልፋ ፋይ አልፋን መሠረቱ።

ከዚያ በኋላ ማዕከሉ ሃዋርድ ሆነ። ዛሬ "ዲቫይን ናይን" ከሚባሉት ዘጠኙ ማኅበራት አምስቱ የተወለዱት እዚያ ነው። በ1908 የመጀመሪያው የጥቁር ሴቶች ማኅበር (ሶሮሪቲ) አልፋ ካፓ አልፋ ተመሠረተ። በ1911 ኦሜጋ ሳይ ፋይ፣ በ1913 ዴልታ ሲግማ ቴታ፣ በ1914 ፋይ ቤታ ሲግማ፣ በ1920 ዜታ ፋይ ቤታ ተከተሉ።

ማኅበራቱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለት ታሪኮችን ቢያጤን ብዙ ይማራል።

አንደኛው የዴልታ ሴቶች ነው። ሃያ ሁለት ተማሪዎች ጥር ወር ላይ ማኅበራቸውን መሠረቱ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት (ማርች) 3 ቀን 1913፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት በዋሽንግተን በተጠራው ታላቅ ሰልፍ ላይ ወጡ። አዘጋጆቹ የደቡብ ነጮች እንዳይቀየሙ ጥቁር ሴቶች ከኋላ እንዲሰለፉ ፈልገው ነበር። የማኅበሩ የመጀመሪያ አደባባይ ሥራ እንግዲህ ይህ ነው፤ ተፈላጊ ባልሆኑበት ሰልፍ መገኘት።

ሁለተኛው የአልፋ ካፓ አልፋ የሚሲሲፒ የጤና ዘመቻ ነው። ከ1935 ጀምሮ በየክረምቱ፣ በዶክተር ዶሮቲ ቦልዲንግ ፌሬቢ መሪነት፣ አባላቱ ሐኪም አይተው ወደማያውቁ የጥጥ ገበሬዎች ወረዱ። ባለርስቶቹ ጭሰኞቻቸው ክሊኒክ እንዲሄዱ አልፈቀዱም። ሴቶቹ ተስፋ ቆርጠው አልተመለሱም፤ መድኃኒቱንና ክትባቱን በመኪናቸው ጭነው እርሻው ድረስ ሄዱ። ዘመቻው እስከ 1942 ዘለቀ።

የአፍሪካ ልጅ ነኝ የሚል ደግሞ ይህን ይወቅ፦ የጋናው ክዋሜ ንክሩማህና የናይጄሪያው ናምዲ አዚኪዌ አሜሪካ ሲማሩ የፋይ ቤታ ሲግማ አባላት ነበሩ። ማርቲን ሉተር ኪንግ የአልፋ ፋይ አልፋ አባል ነበር፤ በ2011 በዋሽንግተን የተመረቀውን መታሰቢያውን ለማሠራት ለዓመታት የደከሙትም የማኅበሩ ወንድሞች ናቸው።

ታሪኩ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ኢ. ፍራንክሊን ፍሬዚየር የተባሉት የሃዋርድ ምሁር ሀብት ያፈራውን ጥቁር መደብ ለታይታና ለድግስ ኖረ ብለው ሲተቹ ማኅበራቱንም አልማሩም። ቀላ ያሉትን ያስቀድሙ ነበር የሚለው ወቀሳም አብሯቸው ኖሯል። ከሁሉ የከፋው ግን "ሄዚንግ" የሚባለው፣ አዲስ ገቢን የማዋረድና የመደብደብ ልማድ ነው። በ1990 የማኅበራቱ መሪዎች የድሮውን የምልመላ ሥርዓት በጋራ አስቀሩ። ልማዱ ግን በድብቅ ቀጠለ፤ በ1994 በሚዙሪ ግዛት አንድ ተማሪ በድብደባ ሞተ። ነፃነትን ለማስከበር በተመሠረተ ማኅበር ውስጥ ወንድም ወንድሙን ገደለ ማለት ነው።

ስለዚህ መግባት የሚያስብ ተማሪ መሥራቾቹን በቃሉ መሸምደዱ ብቻውን አይበቃም። በግቢው ያለው ቅርንጫፍ ባለፈው ዓመት ለሰፈሩ ምን ሠራ? የአባልነት ክፍያው ስንት ነው? በሄዚንግ ተቀጥቶ ያውቃል? በ2024 መጨረሻ የወጣው የፌዴራል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለውን ጥፋት ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ መረጃውን ፈልጎ ማንበብ ነው። "ለመግባት ከፈለግህ ዝም ብለህ ቻል" የሚል ካለም መልሱ እዚያው ላይ አብቅቷል።

ለወላጅም አንድ ነገር። እነዚህ ማኅበራት በምረቃ ቀን አያበቁም። አባሉ ሥራ ሲይዝ በተመራቂዎች ቅርንጫፍ ይቀጥላል፤ ሲሞት የማኅበሩ ሰዎች በሥርዓታቸው ይሸኙታል። ዕድርና ማኅበር የሚያውቅ ሀበሻ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እኛም አገር ቢሆን ማኅበር የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚያጣራው ድግሱን ሳይሆን ሰዎቹን ነው። ልጅም ወላጅም ቁጭ ብለው ያጣሩ። በ1906 ኢታካ ላይ የተሰባሰቡት ወጣቶች የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ከመካከላቸው ሌላ ተማሪ እንዳይጎድል። ዛሬ የሚገባበት ቅርንጫፍ ያንን አደራ ይጠብቅ እንደሆነ ማወቅ የልጁ መብት ነው።