የመንጋጋዬ ሙሌት እና የኮኔክቲከት ጎዳና

ባለፈው ሳምንት መኪና ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ቆሎ ስቆረጥም መንጋጋዬ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ተማሪ እያለሁ አዲስ አበባ ያስሞላሁት ጥርስ ነው። የሚገርመው፣ ግራጫው ሙሌት ምንም አልሆነም፤ የተሰነጠቀው ዙሪያውን የያዘው የራሴ ጥርስ ነው። እዚህ ያየችኝ ሐኪም ዋጋውን ስትነግረኝ ያንን የድሮ ሐኪም በሆዴ ረገምኩት። ለትንሽ ቀዳዳ ይሄን ሁሉ ምን አስቆፈረው? ከዚያ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ሌሊት ሌሊት ማንበብ ጀመርኩ። የመሐንዲስነት አመል እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

ግራጫው አማልጋም ይባላል። ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ። ኒው ዮርክ ያስገቡት ክሮኮር የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው፣ በ1833 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ወርቅ እየጠቀጠቁ ጥርስ የሚሞሉት ሐኪሞች ተቆጡ። በ1840 የተመሠረተው ማኅበራቸው አባላቱን «አማልጋም አልጠቀምም» ብለው እንዲፈርሙ አስገደደ። ርካሹ አሸነፈ፣ ማኅበሩም በ1856 ፈረሰ።

አሁን ወደ እርግማኔ ልመለስ። አማልጋም ጥርስ ላይ አይጣበቅም። እንዳይወድቅ ጉድጓዱ እንደ እንስራ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ተደርጎ መቆፈር አለበት፤ ደህናው ጥርስም አብሮ ይሄዳል። ቅይጡን በ1890ዎቹ ያስተካከለው አሜሪካዊው ጂ. ቪ. ብላክ ደግሞ ወደፊት እንዳይበላ ተብሎ ጤነኛው ጠርዝም እንዲቆፈር አስተማረ። ትምህርቱ ዓለምን አዳረሰ። ስለዚህ ያ ሐኪም የተማረውን ነው የሠራው፤ እርግማኔን አንስቻለሁ።

ሙቀትም አለ። ብረትና ኮንክሪት አብረው የሚኖሩት ሲሞቁ የሚለጠጡበት መጠን ስለሚቀራረብ ነው። አማልጋም ግን ከኢናሜል ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። በየቀኑ ትኩስ ቡና፣ በላዩ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት! (ቆሎውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም።)

መጣበቅን ያመጣው የሮቸስተሩ ማይክል ቡኖኮር ነው፣ በ1955። ፋብሪካዎች ቀለም ብረት ላይ እንዲይዝላቸው ፎስፎሪክ አሲድ ይጠቀሙ ነበር፤ እሱ ያንኑ ጥርስ ላይ ሞከረው። አሲዱ ኢናሜሉን ያሻክረዋል፣ ፈሳሹ ሬዚን ሻካራው ውስጥ ሰርጎ ይደርቃል። ከዚያ ራፋኤል ቦወን ሬዚንን ከደቃቅ ሲሊካ ጋር አዋሕዶ ኮምፖዚትን አወጣ፤ ፓተንቱ የ1962 ነው። ሲሚንቶና አሸዋ በሉት። የት ሆኖ የሠራው ይመስላችኋል? እዚሁ ዋሽንግተን፣ ኮኔክቲከት ጎዳና ላይ በነበረው የብሔራዊ ደረጃዎች ቢሮ፣ ዛሬ ዩዲሲ ባለበት ቦታ። እዚያ በር ላይ ስንት ተማሪ አውርጃለሁ!

ኮምፖዚትም ነገር አያጣም። ሲደርቅ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይኮማተራል፣ ጠርዙን ሊለቅ ይችላል፣ ሲሠራ እርጥበት አይወድም። እንግሊዛውያኑ ዊልሰንና ኬንት በ1972 ያስተዋወቁት ግላስ አዮኖመር ግን በራሱ ከጥርስ ጋር ይያያዛል፣ ፍሎራይድም ይለቃል፤ ለማኘክ ነው ደካማ የሆነው። መፍትሔው ሁለቱን ማጣመር ሆነ፦ ከታች እሱ፣ ከላይ ኮምፖዚት። ሳንድዊች ይሉታል።

አውሮፓ ላላችሁ፣ ኅብረቱ በሜርኩሪው ምክንያት ከ2025 መግቢያ ጀምሮ አማልጋምን ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በቀር ከልክሏል። ደህና የተቀመጠውን ለማስወጣት ግን አትሩጡ፤ ሲፈለፈል ነው ብናኙና ትነቱ የሚበዛው።

ሐኪሟን የጠየቅኳት አንድ ነገር ነበር፦ የቀረው ግድግዳ ስንት ሚሊሜትር ነው? ሳቀችና ለካችልኝ። በአንድ በኩል ስስ ነው። ለጊዜው ሳንድዊቹን ትሠራልኛለች፣ ገንዘብ ሳጠራቅም ከላይ ክራውን ይለብሳል። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው። ቆሎውን ለልጆቹ ሰጥቻለሁ።