ዝቅ ላለች ትንሽ መኪና የትኛው ሞላና ሾክ አብዞርበር ይሻላል?

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም አስፋልት፡፡ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ የተደረገች ቪትዝ በዚህ መንገድ ላይ ስትሄድ ታምራለች፤ ኩርባ ላይም እንደ ወትሮዋ አትዋልልም፡፡ ጣጣው የሚመጣው ባለቤቷ አራት ሰው አሳፍሮና ዕቃ ጭኖ ከጎባ ወደ ሳነቴ ሲወጣ ነው፡፡ ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ወደ ደሎ መና የሚያቋርጠው የጠጠር መንገድ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፡፡ ከዚያም በሪራ በኩል ወደ ሐረና ጫካ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፡፡ ሜዳው ላይ ዛፍ የለም፤ ሌሊቱ ውኃ ያግራል፡፡ የዘይት ኮፓው በድንጋይ ተበስቶ እዚያ መቆም ለማንም የሚመኙት አይደለም፡፡

መኪና ዝቅ የሚልበት ምክንያት ሁለት ነው፡፡ አንደኛው የባለቤቱ ምርጫ ነው፡፡ ሁለተኛው ዕድሜ ነው፤ ሞላው ለዓመታት ጭነት ተሸክሞ ሲደክም መኪናዋ ማንም ሳይነካት ትሰምጣለች፡፡ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአሮጌ መኪኖች ላይ የተጣለው ከፍተኛ የኤክሳይስ ታክስ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው አሁን በእጅ ያለችውን መኪና አክብሮ መያዝን ግድ አድርጎታል፡፡ ሰውም አዲስ መኪና ከመግዛት ይልቅ ያለችውን ማሻሻል መርጧል፡፡ ነገር ግን ገበያው የሚያቀርበው ሁሉ ማሻሻያ አይደለም፡፡

ብዙዎች መኪና ዝቅ ሲል የሚያጡት ከመሬት ያለውን ርቀት ብቻ ይመስላቸዋል፡፡ ከዚያ የሚበልጠው ኪሳራ ጎማው ወደ ላይ ሊንቀሳቀስ የሚችልበት ቦታ ማነሱ ነው፡፡ በቁጥር እንየው፡፡ የኋላው ጎማ መኪናዋ ባዶ ስትሆን ማቆሚያው ጎማ (ሾኩ መጨረሻ ላይ የሚያርፍበት ማለታችን ነው) እስኪነካ ድረስ 9 ሳንቲ ሜትር ቦታ አለው እንበል፡፡ ሞላው በየ20 ኪሎው 1 ሳንቲ ሜትር ይጨመቃል ብለን እናስላ፡፡ ከኋላ የተቀመጡ ሰዎችና ሻንጣ 160 ኪሎ ቢጨምሩ ለእያንዳንዱ ጎን 80 ኪሎ ይደርሳል፤ መኪናዋም 4 ሳንቲ ሜትር ትወርዳለች፡፡ የቀረው 5 ነው፡፡ ቀድሞውኑ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ከሆነ ግን የሚቀራት 2 ብቻ ነው፡፡ በሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ሳነቴ ቀርቶ ወደ ዲንሾም አይኬድም፡፡

«ሞላው ጠንካራ ከሆነ ችግሩ ይቃለላል» የሚል ክርክር አለ፡፡ በዚያው ስሌት 30 በመቶ የሚጠነክር ሞላ ብናስገባ 80 ኪሎው የሚጨምቀው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የተረፈውም 3 ገደማ ነው፡፡ በአንድ ሳንቲ ሜትር ለማይሞላ ትርፍ መኪናዋ ባዶ ስትሄድ ሁልጊዜ ታንገጫግጫለች ማለት ነው፡፡ ስለዚህ ምርጫው ሲመዘን የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ይጠነክራል?» ሳይሆን «ምን ያህል ቦታ ይተርፋል?» መሆን አለበት፡፡

ከሁሉም የከፋው በግራይንደር ሞላ ማስቆረጥ ነው፡፡ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ይደፈራል፡፡ የሚሠሩ ስድስት ጥምጥሞች ያሉት ሞላ አንዱ ሲቆረጥበት በ20 በመቶ ይጠነክራል፤ የሞላ ጥንካሬ ከጥምጥሙ ቁጥር ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ ነው፡፡ ይህ ብቻ ቢሆን በቀለለ፡፡ የተቆረጠው ጫፍ በመቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠልም አጭሩ ሞላ ከቦታው ሊላቀቅና ተመልሶ ሲጨመቅ ሊያፈነግጥ ይችላል፡፡ ቁልቁለት ላይ፣ መሪ በተጠመዘዘበት ሰዓት ይህ ቢደርስ ውጤቱን አንባቢ ይገምተው፡፡ በእሳት አግሎ ማስመጥም አለ፡፡ እሱ የብረቱን ጥንካሬ ስለሚገድል ሞላው ከዚያ በኋላ እንደ ሞላ አይታመንም፡፡ የሰመጠችን መኪና ለማንሳት በጥምጥሞቹ መሃል የጎማ ቁራጭ መወተፍም ቢሆን ዘመዱ ነው፤ የተወተፈው ጥምጥም መሥራቱን ያቆምና ጫናው ወደሌሎቹ ይሄዳል፡፡

ለመኪናዋ ሞዴል ተብሎ ከፋብሪካ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ሞላ የተሻለ ነው፡፡ የሚሳሳቱበት ግን አዲሱን ሞላ ከአሮጌ ሾክ አብዞርበር ጋር ሲያጋቡት ነው፡፡ መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው፤ የሾኩ ሥራ የሞላውን መዝለል መግታት ነው፡፡ የደከመ ሾክ ለስላሳውን ሞላ እንኳ እየጨነቀው ሲገታ ቆይቶ ጠንካራው ሲመጣበት ይለቀዋል፤ መኪናዋም በተሸበሸበ ኮረኮንች ላይ ጎኗን እየሳተች ትንጣለለች፡፡ በዚህ ጸሐፊ እምነት ገንዘብ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለሾኩ ይዋል፤ ሞላው በነበረበት ከፍታ ይቆይ፡፡

ሾክ ሲመረጥ ባለ አንድ ቱቦውና ባለ ሁለት ቱቦው ይለያያሉ፡፡ ረጅም ኮረኮንች ላይ በውስጡ ያለው ዘይት ይግላል፣ አረፋም ይሠራል፤ ያን ጊዜ መግታት ያቅተዋል፡፡ ባለ አንድ ቱቦው ሙቀት ቶሎ ያስወጣል፤ ጋዙም ከዘይቱ ተለይቶ በከፍተኛ ግፊት ስለሚቀመጥ በአረፋ አይቸገርም፡፡ ድካሙ ሌላ ነው፡፡ ፒስተኑ በቀጥታ በውጪኛው ቱቦ ውስጥ ስለሚመላለስ፣ ከጎማ የተፈናጠረ ድንጋይ ቱቦውን ካጎደጎደው ይጣበቃል፡፡ ባለ ሁለት ቱቦው ላይ ያው ድንጋይ ቢያርፍ ውጪኛው ብቻ ይጎደጉዳል፡፡ ለባሌ የጠጠር መንገድ ናይትሮጂን ጋዝ ያለው ባለ ሁለት ቱቦ፣ ዝቅ ላለ ሞላ ታስቦ አጠር ብሎ የተሠራ ከተገኘ፣ የተመጣጠነ ምርጫ ነው፡፡

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሾክ የሚገዛ ሰው ዘንጉን ተጭኖ ይልቀቀው፡፡ የሚወጣው ሳይቆራረጥ፣ በዝግታና በእኩል ፍጥነት መሆን አለበት፡፡ ዘንጉ ላይ ጭረት ወይም የዘይት ርጥበት ካለ ይተው፡፡ ግራና ቀኙም አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱን ብቻ መቀየር መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን እንድትጎትት ሊያደርግ ይችላል፡፡

ኮይልኦቨር የሚባለው፣ ሞላና ሾኩ አንድ ላይ ተገጥሞ ከፍታው በጥርስ የሚስተካከለው ዕቃ ወጣቶቹን በጣም ይማርካል፡፡ የሞላውን መቀመጫ ብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዓይነት፣ ዝቅ ሲደረግ ያንኑ ውድ ቦታ ይበላል፡፡ የሾኩን አካል ርዝመት ራሱን የሚያስተካክለው ግን ቦታውን ይጠብቃል፤ ልዩነቱን ሳይጠይቁ መግዛት የለም፡፡ በክረምት ጭቃ ጥርሱ ዝጎ ከተጣበቀ ደግሞ «የሚስተካከል» የተባለው ስሙ ብቻ ይቀራል፡፡

ጎማም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው፡፡ 165/70 ባለ 14 ቸርኬ ጎማ ከቸርኬው እስከ መሬት 11 ተኩል ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት አለው፤ ለመልክ ተብሎ በ195/45 ባለ 16 ሲተካ ቁመቱ ወደ 9 ገደማ ይወርዳል፡፡ ዝቅ ያለች መኪና ያላት ሌላው ትራስ ይኸው የጎማ ቁመት ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መቀነስ ቸርኬ ማጣመም ነው፡፡ ጎሚኒዎቹን በጠንካራ ፖሊዩሪቴን መቀየርም ለዚህ አገር መንገድ አይመከርም፤ በንዝረት ይተካከሳል፡፡ ዝቅ የተደረገች መኪና የፊት ጎማዎቿ አቋም ስለሚለወጥ ዊል አላይመንት ማሠራት ግን ግዴታ ነው፤ ካልሆነ ጎማው በአንድ ጎን ተበልቶ ያልቃል፡፡ የቪትዝ የኋላ አክስል አንድ ወጥ ተሻጋሪ ብረት በመሆኑ ከኋላ የሚስተካከል ብዙ ነገር የለም፡፡

የተመረጠው ዕቃ መብቃት አለመብቃቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፡፡ የሾኩን የአቧራ መከላከያ ገልጦ በዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ እንዲንሸራተት አድርጎ፣ ከታች ከቱቦው አፍ ጋር አስጠግቶ ማሰር ነው፡፡ ከዚያ የተለመደውን ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ በዝግታ፣ ከጎባ ወደ ሳነቴ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጥቶ መመለስ፡፡ ማሰሪያው ወደ ላይ ተገፍቶ ማቆሚያው ጎማ ሥር ከተወሸቀ ቦታው አልቋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ቀርቶት ከቆመ ግን መኪናዋ ለመንገዱ ትበቃለች፡፡