5.5 ሴንቲ ሜትር

አልበርት አንስታይን የሞተው ሆዱ ውስጥ በፈነዳ የደም ቧንቧ ነው። ከልብ ወጥቶ በደረትና በሆድ የሚወርደው ዋናው ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ግድግዳው ሲላላ ቀስ እያለ ይነፋል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ከፈነዳ ግን ብዙዎች ሆስፒታል ሳይደርሱ ያልቃሉ። ታዲያ ምንም ያላመመውን ሰው ሆድ መቼ ነው መክፈት?

እ.ኤ.አ. በ1948 መጨረሻ ሩዶልፍ ኒሰን ብሩክሊን ውስጥ የአንስታይንን ሆድ ከፍቶ እብጠቱን አገኘ። ቆርጦ መተካት ገና አልተለመደም፤ ስለዚህ በሴሎፋን ጠቀለለው። አዎ፣ ከረሜላ በሚጠቀለልበት ዓይነት! ሴሎፋኑ ሰውነትን አስቆጥቶ ጠባሳ ያወጣል፣ ጠባሳው ግድግዳውን ያጠነክራል ተብሎ ነው። አንስታይን ከስድስት ዓመት በላይ ኖረ። በመሀሉ፣ በ1951፣ ሻርል ዱቦስት ፓሪስ ላይ የተነፋውን ቆርጦ ከሞተ ሰው በተወሰደ ቧንቧ ተካ። በኤፕሪል 1955 የአንስታይን ቧንቧ መድማት ሲጀምር ቀዶ ጥገና ቀረበለት፤ ሕይወትን በግድ ማስረዘም አልፈልግም ብሎ እምቢ አለ። 76 ዓመቱ ነበር። ሰው ይህን እንደ ጀግንነት ያወራዋል፤ ለእኔ ግን የሒሳብ ጉዳይም ነው። ቀዶ ጥገናው ራሱ ያኔ ገና አራት ዓመቱ ነበር።

ሒሳቡን በደንብ የሠሩት ቆይተው ነው። በ1998 የወጣው የእንግሊዞቹ ጥናት 1,090 ሰዎችን፣ በ2002 የወጣው የአሜሪካኖቹ 1,136 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ፤ ግማሹ ቶሎ ተሠራለት፣ ግማሹ በየጊዜው እየተለካ ጠበቀ። እብጠቱ ከ5.5 ሴንቲ ሜትር በታች እስከሆነ ድረስ በሕይወት የመቆየት ልዩነት አልታየም። ከቀዶ ጥገናው ጋር ተያይዞ የሞተው በእንግሊዝ 5.8፣ በአሜሪካ 2.7 ከመቶ ነበር። ለሴቶች ቁጥሩ ወደ 5 ዝቅ ይላል፤ የእነሱ በትንሹም ይፈነዳልና።

ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ የተከፈተው በ1954 ነው፣ አንስታይን ሊሞት አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው። ሥራው የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለገጠሩ ማሠልጠን ነበር፤ ሐኪም ማሠልጠን የመጣው በ1978 ነው። ዛሬ ከትክል ድንጋይ ወርደው ጎንደር የሚታዩ አንድ አባት 4.8 ሴንቲ ሜትር ቢገኝባቸው፣ መጽሐፉ «ይጠብቁ» ይላል። ግን በእንግሊዞቹ ጥናት ውስጥ መጠበቅ ማለት በየስድስት ወሩ፣ ከ5 ሲያልፍ በየሦስት ወሩ አልትራሳውንድ መነሣት ነበር። ተመልሰው የማይመጡ ከሆነ መጠበቁ መጠበቅ አይደለም፤ ያ ደግሞ ቶሎ ወደ መሥራት ይገፋል። ቀዶ ጥገናው ከእንግሊዙ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድል ከሆነ በተቃራኒው ይገፋል። ስለዚህ ሐኪሙ ከ5.5 በፊት የሚጠይቃቸው ሌላ ነገር አለ፦ በክረምቱ፣ እርሻው ጥድፊያ ላይ እያለ፣ አባቴ ይመጣሉ ወይ?