አንሶላ የጋረደው ቢጫ

በምሥራቅ እንግሊዝ ኤሴክስ ውስጥ ሮችፎርድ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1956 በከተማዋ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበትን ክፍል የሚመሩት ሲስተር ዋርድ ነበሩ። እኛ አገር ነርስን ሁሉ ሲስተር እንላለን፤ እዚያ ግን የክፍሉ ነርሶች አለቃ የሚጠራበት ማዕረግ ነው።

ሲስተር ዋርድ ከአንድ እምነታቸው ንቅንቅ የማይሉ ሴት ነበሩ። የታፈነው የማሞቂያ አየር ለእነዚያ ደቃቃ ሕፃናት አይበጃቸውም፤ ንጹሕ አየርና ፀሐይ ይሻላቸዋል ባይ ናቸው። ስለዚህ ቀኑ ሞቅ ሲል ሕፃናቱን ከነአልጋቸው እየገፉ ወደ ግቢው ያወጧቸዋል። ሐኪሞቹ ሕሙማንን ለሚጎበኙበት ራውንድ ከመድረሳቸው በፊት ደግሞ መልሰው ያስገቧቸዋል።

አንድ ፀሐያማ የበጋ ቀን ግን በራውንዱ መሀል አንዱን ሕፃን ገልጠው ለሐኪሞቹ አሳዩ። ገላው ፈዛዛ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ፣ ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ሦስት ማዕዘን ደማቅ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ከሐኪሞቹ አንዱ አዮዲን ነው ወይስ ሌላ ምን ተቀብቶ ነው ሲሉ ጠየቁ። ሲስተር ዋርድ ፈራ ተባ እያሉ፣ የፀሐይ ሥራ ይመስለኛል አሉ። ቆዳ በፀሐይ ለመጥቆር ቀናት ይፈጅበታል ብለው ሐኪሙ ተከራከሩ። የእሳቸው ነገር ግን ሌላ ነበር፤ ቢጫው የአንሶላ ጫፍ የጋረደው ቦታ ነው፣ ፀሐይ ያገኘው የቀረው ገላ ነው የነጣው።

ነገሩ ለምን እንደሚያስደንቅ ለመረዳት የዚያን ዘመን የሐኪም እጅ ማየት ያስፈልጋል። ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይተርፋል። ጉበት ያንን አጣርቶ ያስወግዳል፤ የአራስ ልጅ ጉበት ግን ለሥራው ገና ነው። ከአሥር አራሶች ስድስቱ ያህል በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ፤ አብዛኞቹም በራሳቸው ይድናሉ። ቢሊሩቢኑ ከመጠን ሲያልፍ ግን ወደ አንጎል ይዘልቃል። ልጁ ሊሞት፣ ከተረፈም መስማት ሊሳነው፣ እጅ እግሩ አልታዘዝ ሊለው ይችላል። በ1956 የነበረው መፍትሔ በእምብርቱ የደም ሥር በኩል የልጁን ደም ጥቂት በጥቂት እየቀዱ በሌላ ሰው ደም መተካት ነበር። እፍኝ በማይሞላ ገላ ላይ ይህን መሥራት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአንድ ክፉኛ ቢጫ የሆነ ሕፃን የደም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። የመጣው ውጤት ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆነ። ሲጣራ፣ ብልቃጡ ለሰዓታት መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ቆይቷል። ያኔ ሐኪሞቹን ቢጫው ሦስት ማዕዘን ትዝ አላቸው።

ወጣቱ ሐኪም ሪቻርድ ክሬመር ከሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ነገሩን በልኬት ተያያዙት። መጀመሪያ ሕፃናቱን ፀሐይ ላይ እያወጡ፣ በኋላም ሰማያዊ የፍሎረሰንት አምፖሎች ከአልጋ በላይ አሰልፈው ሞከሩ። ውጤቱ በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ከጽሑፉ አናት ላይ ክሬመር፣ ፔሪማን እና ሪቻርድስ የሚሉ ስሞች አሉ። የሲስተር ዋርድ ስም ከመካከላቸው የለም። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። የግቢውን ታሪክ ለዓለም የነገሩት ክሬመርና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ዶብስ በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው።

ብርሃኑ አያቃጥልም፣ አይቆርጥም። ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ ብርሃን ቆዳን አልፎ ቢሊሩቢኑን ሲያገኘው ቅርጹን ይለውጠዋል። ቀድሞ በውኃ የማይሟሟው ያኔ ይሟሟና በሐሞትና በሽንት ይወጣል፤ ያልበሰለው ጉበት ሥራው ይቀልለታል። አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር ለዚህ አያስፈልግም።

የብርሃን ሕክምናውን ጣሊያንና ደቡብ አሜሪካ ቶሎ ሲቀበሉት አሜሪካኖች ዘግይተዋል። እዚያ በሩን የከፈተው በቬርሞንት ጄሮልድ ሉሲና ባልደረቦቻቸው ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ አድርገው በ1968 ያወጡት ጥናት ነው። ያ ሁሉ ዓመት በከንቱ አለፈ ማለት ይቻላል።

እኛ ዘንድ የዓይን ቢጫ መሆን የወፍ በሽታ ሲባል ኖሯል። አራስ ልጅን ቅቤ ወይም ቅባት ቀብቶ የጠዋት ፀሐይ ማሞቅም የእናቶቻችን ወግ ነው። ያም ሆኖ በረንዳ ላይ የሚሞቅ ፀሐይ ለቢጫ ልጅ መድኃኒት ነው ብሎ መተማመን አደገኛ ነው፤ መጠኑ አይለካም፣ ልጁን ያቃጥላል ወይም ያበርደዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜ ይበላል። በጠይም ቆዳ ላይ ቢጫው ቶሎ አይለይምና የዓይንን ነጭና ድድን ማየት ይሻላል። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ልጅ ለነገ አይባልም። ሐኪም ቤት ሲደርስ ዓይኑ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከዳይፐር በቀር ራቁቱን ሰማያዊው መብራት ሥር ይተኛል፤ ወላጆች "መብራት ገባ" የሚሉት ይህንን ነው።

መብራት ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥባት ሌጎስ፣ ናይጄሪያ፣ ተመራማሪዎች ሌላ መላ ዘየዱ። ሰማያዊውን ብርሃን የሚያሳልፍ፣ አልትራቫዮሌቱንና ሙቀቱን የሚያስቀር ስስ ፕላስቲክ ከዳስ ላይ ወጥረው 447 አራስ ሕፃናትን ለሁለት ከፈሉ፤ ግማሾቹን ከዳሱ ሥር፣ ግማሾቹን ከመብራት ሥር አስተኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ የተጣራው ፀሐይ ከሕክምና ቀናቱ በ93 በመቶው ሠርቷል፤ መብራቱ ደግሞ በ90 በመቶው። ከሮችፎርድ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ሕፃናቱ እንደገና ግቢ ወጥተው ነበር፤ አሁን ግን ከሐኪም ዓይን መደበቅ አላስፈለገም።