ከዕጣ እስከ ሲቪ፦ የአዲስ መምህር የመጀመሪያ ቅጥር

በደርግ ዘመን ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣ ሰው ስለ ምረቃው ሲያወራ ከምስክር ወረቀቱ በፊት ዕጣውን ያነሣል። ተመራቂው እጁን ሰድዶ ብጣሽ ወረቀት ያወጣል፤ ጎጃም ያደገው ጋሞ ጎፋ፣ የአዲስ አበባው ልጅ ባሌ ወይም ኢሉባቦር ይደርሰዋል። ሲቪ አልጻፈም፣ ቃለ መጠይቅ አልተቀመጠም፣ ስለ ደመወዝም አልተደራደረም። ሥራው ቀድሞውኑ የእርሱ ነው፤ ያላወቀው ቦታውን ብቻ ነበር። ያ ሰው ዛሬ ሲቪውን ይዞ በሥራ አውደ ርዕይ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞረውን የትምህርት ምሩቅ ቢያይ መገረሙ አይቀርም።

ከዕጣውም ከሲቪውም በፊት በነበረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። መምህሩ ተማሪ ፍለጋ አይዞርም፤ የቆሎ ተማሪው ራሱ አኩፋዳውን አንግቦ ስመ ጥር መምህር ወዳለበት ይሄዳል። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለቅዳሴ ሰለልኩላ ይወርዳል። ትምህርቱን ሲፈጽም የሚቀበለው የየኔታው ምስክርነት ነው፤ የትም ደብር ቢደርስ «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው በዚያ ነው። የቅጥር ማስረጃው የመምህሩ ስም ነበር ማለት ይቻላል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ግን አስተማሪ በአገር ውስጥ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ መምህራን ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተማረው ትውልድ ክፉኛ ተመታ፤ ከነጻነት በኋላ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፍት የሚያስተምር ሰው ማግኘት ከሁሉ የባሰው ችግር ሆነ። ለአንደኛ ደረጃ መምህራን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 በዚያው በምኒልክ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሐረር፣ ደብረ ብርሃንና ሌሎች ማሠልጠኛዎች ተከተሉ። የሁለተኛ ደረጃው ወንበር ግን ለብዙ ዓመት በአብዛኛው በውጭ ዜጎች፣ በተለይም በሕንዶች ተይዞ ቆየ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ደግሞ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። እንዲህ ባለው እጥረት መካከል የተመረቀ ኢትዮጵያዊ መምህር «ሥራ አገኝ ይሆን?» ብሎ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም።

በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ማገልገል ጀመሩ። አብዛኞቹ የተመደቡት ለማስተማር ነበር። የከተማው ተማሪ የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ አየ፤ ብዙዎቹ ወደ ካምፓስ ሲመለሱ የመሬት ጥያቄን የያዙት ከጽሑፍ ብቻ አልነበረም። መንግሥት የመምህር እጥረቱን ሊሞላ የዘረጋው ምደባ ተቃዋሚ አፈራለት፤ ይህን የታሪኩን ምጸት ያቀደው ያለ አይመስለኝም።

መምህሩም ቢሆን በተመደበበት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ያቆሙት ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጋር «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ማሻሻያ በመቃወም ነው። ዘውዱ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ዘመቻው መጣ፦ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት። መመደብ ግዳጅ ሆነ፤ ዕጣውም የዚያው መንፈስ ልጅ ነበር።

ዕጣው በጎና ክፉ ነበረው። አንድ መምህር ወሎ ተወልዶ አርሲ ያገባል፣ ሲዳማ ልጅ ይወልዳል፣ ጡረታውን ወለጋ ይወጣል፤ አገሩ በመምህራኑ በኩል እርስ በርስ ይተዋወቅ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። በሌላ በኩል ደግሞ የመምህራን ቢሮ ወሬ «ዝውውር» ብቻ የሆነው ያኔ ነው። ታማሚ እናት ያለችው፣ ሚስቱ ሌላ አውራጃ የቀረችበት፣ በረሃው ያልተስማማው ሁሉ ማመልከቻ ይዞ ይንከራተታል። የበረሃ አበል ቢከፈለውም ሙቀቱን አያበርድለትም።

ከ1983 በኋላ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ማሠልጠኛና ቅጥር ወደ ክልሎች ሄደ። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአካባቢ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ ለአንደኛ ደረጃ መምህር አገር አቀፉ ዕጣ ትርጉሙን አጣ። ሌላ ነገርም ተጨመረ፦ ኮስት ሼሪንግ (ወጪ መጋራት)። በ1990ዎቹ የወጣው ደንብ የመምህርነት ምሩቅ የትምህርት ወጪውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት እንዲከፍል ፈቀደለት። ውለታው የሚያስመሰግን ይመስላል፤ ነገር ግን ዕዳው እስኪያልቅ ዋናው ዲግሪ ከዩኒቨርሲቲው ስለማይወጣ መምህሩ «ቴምፖራሪ» (ጊዜያዊ ማስረጃ) ብቻ ይዞ ይኖራል። ለባንክ ወይም ለድርጅት ሥራ ሲወዳደር የሚጠየቀው ደግሞ ዋናው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የምሩቃን ቁጥር ጨመረ፤ ምደባው ግን እንደ ድሮው እርግጠኛ መሆኑ ቀረ። ዛሬ የትምህርት ምሩቅ አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ያነባል፣ ጋዜጣ ተከራይቶ «ክፍት የሥራ ቦታ» የሚለውን ዓምድ ይፈትሻል፣ በስልኩም የሥራ ገጾችን ያስሳል። የግል ትምህርት ቤቶች አዲስ መምህር የሚፈልጉት በአብዛኛው በክረምት፣ መስከረም ሳይጠባ ነው፤ ሲቪውን ካዩ በኋላ «እስቲ ናሙና ትምህርት ስጥ» ይላሉ። ተመራቂው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ይቆማል፤ ርእሰ መምህሩና የዘርፉ አስተባባሪ ተማሪ ሆነው ከኋላ ይቀመጣሉ። ይህ ፈተና ከዕጣው የሚሻል ይመስለኛል፤ ቢያንስ ሰውየው ማስተማር ይችል እንደሆነ ይታያል።

በዩኒቨርሲቲ ግቢዎችና በአዲስ አበባ አዳራሾች የሚዘጋጁት የሥራ አውደ ርዕዮች ግን ከዚህ ይለያሉ። ወደዚያ የሚመጣ ቀጣሪ ጠረጴዛ የሚከራይ፣ ባነር የሚያሠራና ሠራተኛ የሚልክ ነው። ከወረዳው ከተማ ወዲያ ያለ፣ ለሒሳብና ለፊዚክስ መምህር ያጣ ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል? ዕጣው እንደዚህ ላለ ትምህርት ቤት ሰው ይልክለት ነበር፤ አውደ ርዕዩ አይልክለትም። የክልል ትምህርት ቢሮዎች ቢያንስ አንድ ጠረጴዛ ይዘው ቢመጡ፣ የቤትና የትራንስፖርት ጉዳይን ከመጀመሪያው ቢናገሩ፣ ዝውውሩ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚፈቀድ በግልጽ ቢያስቀምጡ፣ ከተመራቂዎቹ መካከል ቆም ብሎ የሚያዳምጥ አይጠፋም።