አውሬው ማን ነው?

ጅብ ሆዳም፣ ጦጣ ብልጥ፣ አንበሳ ንጉሥ መሆኑን ፊደል ሳንቆጥር ነው ያወቅነው። ይህ የተረት አውሬ ግን ጦር ሜዳም ውሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የካርቱን ፊልም ሠሪዎች አዝምተውታል።

እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካዊው ቴክስ ኤቨሪ «ብሊትዝ ዎልፍ» በተባለው አጭር ካርቱኑ ሂትለርን ተኩላ አድርጎ ከሦስት አሳሞች ደጃፍ አቆመው። በዓመቱ ደግሞ የሆላንድ ናዚዎች አንድ የቆየ የቀበሮ ተረት ወስደው አይሁዳውያንን በአውራሪስ መሰሉበት። አንዱ በወራሪ ገዥ ይስቃል፣ ሌላው ለእልቂት በታጨ ሕዝብ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አናስቀምጥም።

እኛን ይበልጥ ያነጋገረን ግን የጃፓኑ ነው። ሚትሱዮ ሴዎ ለባሕር ኃይሉ የሠራው «ሞሞታሮ፣ የባሕር ቅዱስ ወታደሮች» እ.ኤ.አ. በ1945 ወጣ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሞሞታሮ የጃፓን ተረት ጀግና ነው። ወታደሮቹ ድብ፣ ጦጣ፣ ውሻ ናቸው፤ ጠላቶቹ እንግሊዞች ቀንድ ያበቀሉ ሰዎች ናቸው። ይህስ ይሁን። ከደቡብ ደሴት የሚያገኟቸው የአገሬው ነዋሪዎችስ? እነሱም ዝሆን፣ ካንጋሮ የመሳሰሉ ናቸው፣ ግን ቋንቋ የላቸውም! ጃፓናዊው አስተማሪ «አ ኢ ኡ ኤ ኦ» እያለ ያስቆጥራቸዋል፣ እነሱም በዜማ ይከተሉታል። ዜማው ደስ ይላል፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ጠላት የተባለው እንኳ ሰው ሆኖ ሲሳል፣ ወዳጅ የተባለው ግን አፍ የሌለው እንስሳ ሆኖ ቀረ።

ይህን ፊልም ከአሶሳ ሆኖ ማየት ሌላ ነው። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ዘምተው ቤኒሻንጉልን ለምኒልክ ካስገበሩ በኋላ ከዚህ ምድር ወርቅም ሰውም በግብር ተወስዷል። የበርታና የጉሙዝ ልጅ ለመሃል አገሩ ጌታ ስም ያለው ሰው ሳይሆን ቁጥር ነበር። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣልያን የነጠቁትም በቤልጅግ መኮንኖች የሚታዘዙ የኮንጎ ወታደሮች ናቸው። ራሳቸው ቅኝ ተገዝተው ፋሺስትን ወጉ! ሞሞታሮ ኮንጎ ቢወርድ ኖሮ ከካንጋሮው አጠገብ ያስቀምጣቸው ነበር።

አውሬውን ሽቅብ ያናገረ ሰው ደግሞ ከኛው አገር አለ። ሩሲያ ተምረው የመጡት፣ በኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በላ ፎንቴን ተረቶች መንገድ «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመድያ»ን ጻፉ። ዘመኑ 1913 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴያትር ይባላል። አዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ውስጥ መኳንንት በተሰበሰቡበት ታየ። አውሬዎቹ ሲናገሩ የመኳንንቱ ጉድ ወጣ። ተመልካቹ መቼም ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ነውና ለማን እንደተባለ ገባው። ቴያትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ደራሲው በ1923 ዓ.ም. የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው መሆናቸው ያስገርማል። ሕግ ከማርቀቅ ተረት መጻፍ ሳይከብድ አይቀርም!

ዛሬ በክልላችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በርትኛ፣ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ ይሰጣሉ። ልጁ ፊደል የሚቆጥረው በገዛ አፉ ነው። የአያቶቻችንን ተረት አውሬዎች ግን በገዛ ቋንቋቸው የሚያናግር የካርቱን ፊልም እስካሁን አላየንም። ሥዕል የምትችሉ ጓዶች ካላችሁ ተረቱ ከየቤታችሁ አለ። ለሚቀጥለው እትም ከነቋንቋው ጽፋችሁ አምጡልን።