የሟቹን ስም የያዘው ጎዳና

ኸርሊንግሃምን አቋርጦ ወደ ኪሊማኒ የሚዘልቀው አርግዊንግስ ኮዴክ ጎዳና በናይሮቢ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። እንጀራ ያማረው ሁሉ ይረግጠዋል። የስሙን ባለቤት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አርግዊንግስ ኮዴክ ከኬንያ አፍሪካውያን መካከል የመጀመሪያው የሕግ ጠበቃ ነበሩ። በብሪታንያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950ዎቹ (ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በማው ማው አባልነት ለተከሰሱ ወገኖቻቸው ቆመው ተሟግተዋል። ከነጻነት በኋላ የጌም ሕዝብ እንደራሴ፣ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1969 ሕይወታቸው ያለፈው፣ ያን ጊዜ ኸርሊንግሃም ይባል በነበረው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። መንግሥት የመኪና አደጋ መሆኑን አስታወቀ፤ ሕዝቡ ግን አላመነም፤ «በጥይት ነው» የሚል ወሬ ተዛመተ። በዚያው ዓመት ጁላይ 5 ቀን ቶም ምቦያ በጠራራ ፀሐይ በመሃል ከተማ በጥይት ሲገደሉ ደግሞ ጥርጣሬው ሥር ሰደደ። በ1972 ሚኒስትር ሮናልድ ንጋላ በመኪና አደጋ ሲሞቱም ያው ሹክሹክታ ተደገመ።

የወሬው እውነትና ሐሰት ይቆይ። የሚያስገርመው ሌላ ነው። ባለሥልጣን በመንገድ ላይ ሲሞት «ማን ገደለው?» ተብሎ ይጠየቃል። ተራው መንገደኛ ሲሞት ግን ጠያቂ የለም። የስዋሂሊ ተናጋሪው «አጃሊ ሃይና ኪንጋ» ማለትም አደጋ መከላከያ የለውም ይላል፤ አበሻውም «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ እንባውን ይጠርጋል።

ቀኑን የሚያደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሰው ሥራ ነው። ማታቱን እንመልከት። ስሙ «ሦስት» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ በጥንቱ ዋጋ ተሳፋሪው ሦስት ባለ አሥር ሳንቲም ይከፍል ነበርና። በ1973 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ማታቱዎች ያለ ልዩ ፈቃድ ሕዝብ እንዲያመላልሱ ፈቀዱ፤ ሥራውም እንደ አሸን ፈላ። ሾፌሩ በየዕለቱ ለባለቤቱ የተቆረጠ ገንዘብ ያስገባል፤ ከዚያ የተረፈው የእርሱና የረዳቱ ነው። እንግዲህ አንድ ተጨማሪ ምልልስ ማለት እራት ማለት ነው። ሾፌሩ ቢከንፍ፣ መንገድ መሃል ቆሞ ሰው ቢያወርድ፣ እብደት ሳይሆን ስሌት ነው።

ይህን ስሌት በግንባር የተጋፈጡት የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ ነበሩ። በ2003 ባወጡት ደንብ መሠረት ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2004 ጀምሮ ማታቱ ሁሉ የመቀመጫ ቀበቶና በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የማያስኬድ የፍጥነት መገደቢያ እንዲኖረው፣ ቢጫ መስመር እንዲቀባ፣ ሾፌርና ረዳት የደንብ ልብስ እንዲለብሱ፣ ቆሞ መሄድም እንዲቀር ታዘዘ። ባለንብረቶቹ አድማ መቱ፤ የናይሮቢ ሕዝብ በእግሩ ወደ ሥራ ተመመ። እየተማረረም ቢሆን ብዙው ሰው ሚኒስትሩን ደገፈ። ሚቹኪ ወደ ሌላ ሚኒስቴር ሲዛወሩ ግን ቁጥጥሩ ላላ፤ ቀበቶው ለይስሙላ ተንጠልጥሎ ቀረ። ደንቡ የአንድ ሰው ቁጣ ሆኖ ነበርና ከሰውየው ጋር ሄደ።

ከዚያ በኋላ የተሞከረው ዘዴ ያለ ፖሊስ ነው። ጄምስ ሀብያሪማና እና ዊልያም ጃክ የተባሉ ተመራማሪዎች ተሳፋሪው በክፉ አነዳድ ላይ ድምፁን እንዲያሰማ የሚገፋፉ ተለጣፊ ጽሑፎችን በአገር አቋራጭ ማታቱዎች ውስጥ አስለጠፉ። በ2011 ባሳተሙት ጥናት እንደታየው፣ ተለጣፊው በደረሳቸው መኪኖች ላይ የኢንሹራንስ ካሣ ጥያቄ በግማሽና ከዚያም በላይ ቀነሰ። ለካ ተሳፋሪው ዝም ይል የነበረው ዕድሉን ስላመነ ብቻ አልነበረም፤ ብቻውን የሚጮህ ስለመሰለው ጭምር እንጂ።

እግረኛው ግን የሚጮህበት መቀመጫ እንኳ የለውም። በ2024 በኬንያ መንገዶች ከ4,700 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከየትኛውም ወገን ብዙ የሞተው እግረኛው ነው። ግቢ ያላቸው ቪላዎች ፈርሰው ፎቆች በበቀሉበት ኪሊማኒ፣ እግረኛው ቦታውን ከቆሙ መኪኖችና ከቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌቶች ጋር ይሻማል። ለኢትዮጵያዊው ደግሞ ሌላ ችግር ተጨምሮበታል። ኢትዮጵያ እንደ ኬንያ በግራ በኩል መንዳቷን የተወችው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደው ሁሉ መንገድ ሲያቋርጥ አስቀድሞ ወደ ግራ ማየትን ለምዷል። በአርግዊንግስ ኮዴክ ጎዳና ላይ ግን መጀመሪያ የሚደርሰው መኪና የሚመጣው በቀኝ በኩል ነው።